በጎንደር አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል

በጎንደር «ተከለ» የሚለው ግሥ የነገሥታት ነው። ዜና መዋዕል ንጉሥን ሲያወድስ ከዘመቻው ቀጥሎ የሚቆጥርለት የተከላቸውን አድባራት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ ደብር በደብር ላይ እየተጨመረ ጎንደር «የ44ቱ ታቦት አገር» ተባለች፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ ተክለዋል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳኑ የማሕዲ ጦር) ከተማዋን ሲያቃጥል ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

ዛሬ ተካዩ ምእመኑ ነው። ከተማው ሲሰፋ የአዲሱ ሰፈር ሰው ተሰብስቦ ሀገረ ስብከቱን ይጠይቃል፣ ቦታ ያስፈቅዳል፣ ከሁሉ በፊትም መቃኞ ያቆማል። መቃኞ ዋናው ሕንጻ እስኪያልቅ ታቦቱ የሚያርፍበት አነስተኛ ቤት ነው፤ ገንዘቡ ካልሞላ ዓመታት ይቆያል። ታቦቱን የሚባርከው ጳጳስ ብቻ ነው። ቅዳሴም ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ይፈልጋል። በአገልጋይ በኩል ጎንደር ታድላለች፤ የአቋቋም (የዝማሜና የሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያው የበዓታ ደብር እዚሁ ነው። ሕንጻው የተባረከበት ቀን ደግሞ «ቅዳሴ ቤት» ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል።

ወንጌላውያን (ፕሮቴስታንቶች) «ተከላ» ሲሉ ግን የሚያስቡት ታቦትን ሳይሆን ሰውን ነው። በአንድ ቤተሰብ ሳሎን የተጀመረ ጸሎት «ኅብረት» ይሆናል፤ ሰው ሲበዛ አዳራሽ ይከራያል፤ ወንጌላዊና ሽማግሌዎች ሲኖሩት «አጥቢያ» ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማው ሕዝብ 84.2 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 11.8 በመቶው ሙስሊም ሲሆን ፕሮቴስታንቱ 1.1 በመቶ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከደቡብና ከምዕራብ ወንጌላውያን ተማሪዎችን ያመጣል፤ ሲመረቁ ግን ይሄዳሉ። በተማሪ ላይ ብቻ የተተከለ ጉባኤ ሰኔ ሲመጣ ግማሹ ይነቀላል፤ ሥር የሚሰደው እዚያው ተወልዶ ያደገ ቤተሰብ ሲገባበት ነው።

ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ለመትከል ሞክረው አገሩ በደም ከታጠበ በኋላ ነው። በ1624 ዓ.ም. «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ፤ ጎንደሬ ይህን እስካሁን ይጠቅሰዋል። በ1850ዎቹ በደምቢያ ጀንዳ ቤተ እስራኤልን (የኢትዮጵያ አይሁድን) ለማስተማር የመጡት እነ ማርቲን ፍላድ የተባሉ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን እንኳ ፈቃድ ያገኙት ያመነው ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቃል በሚል ውል ነበር፤ የራሳቸውን ጉባኤ መትከል አልተፈቀደላቸውም።

አሁን ነገሩ ጎልቶ የሚወጣው በሐዘን ቀን ነው። ለብዙ ጎንደሬ መቃብር ማለት የደብሩ ቅጥር ነው፤ ዕድርተኛው አስከሬን አጅቦ የሚሄደውም ወደዚያው ነው። ስለዚህ አዲስ የወንጌላውያን ጉባኤ ማዘጋጃ ቤት ሲገባ ከአዳራሽ ቦታ ጋር፣ አንዳንዴም ከእሱ አስቀድሞ፣ የሚጠይቀው የመቃብር ቦታ ነው።