የጅማ የማታ ተማሪዎች፦ የማን ወጪ፣ የማን ኪስ?

ጅማ ውስጥ ከመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ በር ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ብትቆሙ ሁለት ዓይነት ተማሪ ታያላችሁ። ዩኒፎርም የለበሱት ወደ ቤታቸው ይበተናሉ። ያለ ዩኒፎርም የመጡት ይገባሉ። ከሚገቡት አንዱ ባጃጁን አጥሩ ሥር አቁሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አንዷ ከሰው ቤት ራት ሠርታ፣ እጇ ገና ሽንኩርት እየሸተተ የመጣች ናት። ሌላዋ ልጇን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው።

ክፍሉ ቀን ሲማሩበት የዋለው ነው። ሰሌዳው ላይ የቀኑ ሒሳብ ገና አልጠፋም። አስተማሪውም ብዙ ጊዜ ያው የቀኑ ነው። የሚለየው ገንዘቡ ነው። የቀኑን መንግሥት ይከፍላል፤ የማታውን ተማሪው ራሱ።

የመመለሻ መንገዶች

ትምህርቱን አቋርጦ ከዓመታት በኋላ መመለስ ለሚፈልግ ወጣት ዋናው መንገድ የማታው ነው። ሰው ዛሬም «ኤክስቴንሽን» ይለዋል። ሁለተኛው የርቀት ትምህርት ሲሆን ሞጁል ወስዶ ቤት ማንበብ ነው። ቀደም ብሎ 12ኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት ደግሞ የግል ተፈታኝ ሆኖ ይመዘገባል። ሦስቱም ያስከፍላሉ።

ወደ ቀኑ መመለስ በሕግ የተዘጋ አይደለም። ዓመቱን በአግባቡ ያቋረጠና መረጃው የተያዘለት ተማሪ በቀጣዩ ዓመት ሊመለስ ይችላል። ግን 24 ዓመት የሞላው ሰው ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ዴስክ ተጋርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ እንዴት ይማራል? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? ስለዚህ ምርጫው በተግባር ማታ ብቻ ይሆናል።

ለመመዝገብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤት፣ የመጨረሻው ክፍል ካርድ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ለመጣ ደግሞ መሸኛ። ከዳውሮ፣ ከየም ወይም ከካፋ ገጠር ሥራ ፍለጋ ጅማ የገባ ልጅ ካርዱን ለማምጣት የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ይመለሳል። የትራንስፖርቱ ገንዘብና የቀረበት የቀን ሥራ ሲደመር፣ ምዝገባው ሳይጀመር ወጪው ጀምሯል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች በቀመር ድጎማ ይሰጣል። ኦሮሚያ ክልል ከድጎማውና ከራሱ ገቢ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል። ጅማ ከተማም ከደረሰው ላይ ለትምህርት ይመድባል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚበላው የመምህራን ደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው፣ በለጋሾች የታገዘው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ጨምሮበታል።

ደመወዙ የሚከፈለው ለቀን ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ማታ ሲገባ ትርፍ ሰዓት ይሆናል። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ተማሪው በየወሩ ከሚያዋጣው ይወጣል። የጥበቃው አበል፣ ማርከሩ፣ የጽሕፈት ሥራው እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ የሚቀር ድርሻም አለ። ነገሩን ገልብጠን ካየነው፣ ማታ የሚማረው ሊስትሮ የሚከፍለው ብር ለቀኑ ተማሪ ጠመኔ ይገዛል ማለት ነው። ይህን ስል የሚቆጡኝ ርዕሳነ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ የሚተዳደርበት ሌላ ገንዘብ ከሌለው ምን ያድርግ? ጥፋቱ የነሱ አይደለም።

ደግሞም መንግሥት ማታ ምንም አያወጣም ማለት ስህተት ነው። ሕንፃውና ወንበሩ የሕዝብ ነው። መምህሩን ያሠለጠነው መንግሥት ነው። መጽሐፉን ያዘጋጀውም እሱ ነው፤ የማታ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ ቢያነበውም። ለዚህ ነው የመንግሥት ማታ ትምህርት ክፍያ ከግል ትምህርት ቤት ጋር የማይወዳደረው። ግን ይህ ድጋፍ በዝምታ ያለ ድጋፍ ነው። በበጀት መዝገብ ላይ «ለተመላሽ ወጣቶች» የሚል መስመር አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እስከ 10ኛ ክፍል ቅድሚያ እንደሚሰጠው፣ ከዚያ በላይ ወጪ መጋራት እንደሚኖር አስቀምጦ ነበር። ዕድሜም ሰዓትም አልጠቀሰም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ጥሎበታል። ዘጠነኛ ክፍል ቀን በነፃ፣ ማታ በክፍያ የሆነው እንግዲህ በፖሊሲ ሳይሆን በአሠራር ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ይብሳል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ይጋራል፤ ነገር ግን አሁን ተምሮ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው የሚከፍለው። የማታ ተማሪ ግን የወሩን ካልከፈለ ፈተና ላይቀመጥ ይችላል። ዱቤ የለውም። ዲግሪ የሚይዘው ሰው በብድር፣ ዘጠነኛ ክፍል የገባው የቤት ሠራተኛ በጥሬ ገንዘብ።

ፊደል ተገኘ፣ ከዚያስ?

ኢትዮጵያ ለጎልማሳ ትምህርት ገንዘብ አውጥታ አታውቅም ማለት አይቻልም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህም ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በመንግሥት በጀት ተሰጥቷል። ሁለቱም ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ላይ ያተኮሩ ናቸው። ፊደል የቆጠረው ግን ዘጠነኛ ላይ ያቋረጠው ልጅ ከሁለቱም ውጭ ነው። ለመሠረተ ትምህርቱ በጣም ተምሯል፣ ለዩኒቨርሲቲው ገና አልተማረም።

ለሱ የሚቀርበው አማራጭ ቴክኒክና ሙያ ነው። የጅማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለብዙዎች መውጫ ሆኗል። ግን «12ኛን ጨርስና ና» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ያየ ሰው ብየዳ ተማር ሲሉት አይጽናናም።

ቡናው፣ ዝናቡና ባጃጁ

ጅማ ላይ የገንዘቡ ጉዳይ ከወቅቱ ጋር ይጋጫል። ምዝገባው ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። ኪስ የሚደርቀው ያኔ ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ብር የሚገባው ያኔ ነው፤ ሰው ከክፍል የሚጠፋውም ያኔ። ገጠር ወርዶ የሚለቅም አለ፤ ከተማ ውስጥ መጋዘን ገብቶ የሚለይ፣ የሚያበጥር፣ የሚጭን አለ። ጥር ላይ ሲመለስ ሦስት ወር አምልጦታል፣ የሦስት ወር ክፍያም ይጠብቀዋል።

ክረምቱ ሲያራዝም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዌቱ ይሞላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ትምህርቱ በስልክ ባትሪ ይቀጥላል ወይም ይበተናል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል የወጣች ልጅ በጭቃ በእግሯ ከመሄድ ባጃጅ ትይዛለች። የማታ ባጃጅ ከቀኑ ይወደዳል። ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ «ክፍያውን እችለዋለሁ፣ የማልችለው ባጃጁን ነው» ሲሉ። ሴቶቹ የሚያቋርጡት በትምህርት ክብደት ብቻ አይደለም።

ቋንቋውም አለ። እስከ ስምንት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረ ሰው ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። አምስት ዓመት ከደብተር ርቆ ለተመለሰ ሰው የባዮሎጂው ገጽ ግድግዳ ነው። ለቀን ተማሪ ማጠናከሪያ ትምህርት ያለው ትምህርት ቤት ለማታው የለውም፤ ሰዓቱም ገንዘቡም አይበቃም።

አንዱ ፈተና ለሁሉም

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ መጨረሻው 12ኛ ነው። ታላላቆቻችን አሁንም «ማትሪክ» ይሉታል። የማታውም የቀኑም ተማሪ አንድ ወረቀት ይቀመጣል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ይህ በአብዛኛው ቀን ሙሉ የሚማሩት ያሉበት ቁጥር ነው።

ውድቀቱን ተከትሎ መንግሥት የሪሚዲያል (የማካካሻ) ፕሮግራም ጀመረ። 50 ያላመጡ፣ ግን የተሻለ ውጤት ያላቸው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ይካካሳሉ፤ ከመቶው 70 ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30 በዩኒቨርሲቲው ምዘና። ምድብ ያልደረሰው በግል ኮሌጅ ከፍሎ ይማራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መንግሥት ለማካካሻ ገንዘብ ማውጣት እንደሚችል አሳይቷል። ያወጣው ግን 12ኛ ለደረሰው ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከፈተና ማዕከላቱ አንዱ ነው። ተፈታኞች ዶርም አደሩ፣ ከተማሪዎች ካፌ በሉ። ከነሱ መካከል አራት ዓመት ሙሉ ከባጃጅ ገቢው ላይ እየቆረጠ የከፈለ አለ። ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ ፈረንጅ አራዳ ሠፈር ተራ ይዞ ሰው ይጭን ነበር። መንግሥት በቀጥታ ያበላው እነዚያን ጥቂት ቀናት ነው። «ወጡ ቀጭን ነበር፣ ግን አልከፈልኩበትም» አለኝ።