የጀርመንኛ ተውላጠ ስም ከመስተዋድድ በኋላ

በአማርኛ «እኔ» ከየትኛውም መስተዋድድ ጋር ቢገናኝ ያው «እኔ» ነው፦ ለእኔ፣ ከእኔ፣ ስለ እኔ፣ ያለ እኔ። በጀርመንኛ ግን ከፊት የቆመው መስተዋድድ የሚከተለውን ተውላጠ ስም መልኩን ያስቀይረዋል። ባለቤት ሲሆን «ኢሽ» የሚባለው ሰው «ፊውር» ሲቀድመው «ሚሽ»፣ «ሚት» ሲቀድመው ደግሞ «ሚር» ይሆናል። «ፊውር ሚሽ» ለእኔ፣ «ሚት ሚር» ከእኔ ጋር ማለት ነው። («ፊውር» ብለን የጻፍነው ድምፅ ከንፈርን አሹሎ «ኢ» እንደማለት ነው፤ ፊደላችን በትክክል አይዘውም።)

የመጀመሪያው መልክ አኩዛቲቭ፣ ሁለተኛው ዳቲቭ ይባላል። አኩዛቲቭን የሚጠሩት ዋናዎቹ መስተዋድዶች ዱርሽ፣ ፊውር፣ ጌገን፣ ኦነ እና ኡም ናቸው። ዳቲቭን የሚጠሩት አውስ፣ ባይ፣ ሚት፣ ናኽ፣ ዛይት፣ ፎን እና ጹ ናቸው። «አንተ» ዲሽ ወይም ዲር፣ «እሱ» ኢን ወይም ኢም፣ «እሷ» ዚ ወይም ኢር ይሆናሉ። «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ተማሪው ትንሽ ያርፋል፤ ኡንስ እና ኦይሽ በሁለቱም በኩል አንድ ናቸው። «እነሱ» በዳቲቭ ኢነን ነው። በአክብሮት «እርስዎ» የሚባለውም እንዲሁ ኢነን ነው፤ በጽሑፍ በትልቅ ፊደል መጀመሩ ብቻ ይለየዋል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «መጡ» ስንል ስለ ብዙዎች ይሁን ስለ አንድ የተከበሩ ሰው ከንግግሩ ዐውድ ነው የምንለየው።

ሌሎች ዘጠኝ መስተዋድዶች ሁለቱንም መልክ ይይዛሉ፦ አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ኢውበር፣ ኡንተር፣ ፎር እና ጽቪሸን። ወደ ቦታው መንቀሳቀስ ካለ አኩዛቲቭ፣ እዚያው መሆን ከሆነ ዳቲቭ ይከተላል። «ድመቷ እላዬ ላይ ዘለለች» ለማለት «ዲ ካጸ ሽፕራንግ አውፍ ሚሽ» ይባላል። «ድመቷ እላዬ ላይ ተቀምጣለች» ደግሞ «ዲ ካጸ ዚጽት አውፍ ሚር» ነው። በአማርኛ በሁለቱም «እላዬ ላይ» አልን፤ ልዩነቱን የተሸከመው ግሱ ነው። ጀርመንኛ በግሱ ሳይረካ ተውላጠ ስሙም እንዲመሰክር ይፈልጋል።

መጠበቅ፣ መፍራት፣ ማሰብን የመሰሉ ግሶች ላይ ግን ይህ የእንቅስቃሴ ሕግ አያድንም። «ጠበቅሁት» የምንለው በጀርመንኛ «እሱ ላይ» ነው፤ አውፍ ኢን፣ በአኩዛቲቭ። «ፈራሁት» የምንለው «ከፊቱ» ነው፤ ፎር ኢም፣ በዳቲቭ። ስለ አንድ ነገር ማውራትን የሚያሳየው ኢውበር ሁልጊዜ አኩዛቲቭ ይፈልጋል። አን ግን እንደ ግሱ ይለዋወጣል፦ ማሰብ ከአኩዛቲቭ፣ መጠራጠር ከዳቲቭ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የመስተዋድዶቹን ሰንጠረዥ ብቻ የሸመደደ ሰው እዚህ ሲደርስ ይደናቀፋል። ግሱን ከነመስተዋድዱና ከነመልኩ እንደ አንድ ቃል መያዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

ትልቁ ወጥመድ ገና ነው። «ስለ ማን አወራችሁ?» እና «ስለ ምን አወራችሁ?» በአማርኛ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ላይ ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ወንድምህም ሆነ ፊልሙ «ስለ እሱ» ነው። ጀርመንኛ ልዩነቱን እስከ መልሱ ይዞት ይሄዳል። ለሰው «ኢውበር ቬን?» ተብሎ ተጠይቆ «ኢውበር ኢን» ይመለሳል። ለነገር «ቮሪውበር?» ተብሎ «ዳሪውበር» ይመለሳል። ፊልም በጀርመንኛ ወንዴ ጾታ ስለሆነ ተማሪው «ኢውበር ኢን» ማለት ይቃጣዋል፤ ሰሚው ግን ስለ አንድ ሰውዬ የምታወራ ይመስለዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነገርን የሚተካው ተውላጠ ስም ይቀርና «ዳ» ከመስተዋድዱ ፊት ይለጠፋል፦ ዳሚት፣ ዳፊውር፣ ዳፎን። መስተዋድዱ በአናባቢ ሲጀምር መካከሉ ላይ «ር» ይገባል፦ ዳራን፣ ዳራውፍ፣ ዳሪን። ይህ «ር» ለአነባበብ ምቾት የተጨመረ ይመስላል እንጂ ከጥንቱ «ዳር» ከሚለው ቃል የተረፈ ነው፤ ሌላው ቦታ ረግፎ አናባቢ ፊት ብቻ ቀረ። ጥያቄው ላይ «ዳ» በ«ቮ» ይተካል፦ ቮሚት፣ ቮራውፍ። አማርኛም የሚቀራረብ ነገር አለው፤ «እስክሪብቶ ሰጠኝና ጻፍሁበት» ስንል ግሱ ላይ የተንጠለጠለው «በት» የዳሚትን ሥራ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ የኛ «በት» ለሰውም መዋሉ ነው፤ «ፈረዱበት» እንላለን።

«ዳ» ገና ወደፊት የሚመጣ ዓረፍተ ነገርንም ይጠቁማል። እኛ «መምጣትህን እጠብቃለሁ» ብለን ግሱን ወደ ስም ስንለውጥ፣ ጀርመኑ «ኢሽ ቫርተ ዳራውፍ» ብሎ ቦታ ይይዝና «ዳስ ዱ ኮምስት» ብሎ ይሞላዋል።

ሁሉም መስተዋድድ «ዳ»ን አይቀበልም። ኦነ እና ዛይት አይቀበሉትም፤ በዛይት ፋንታ «ዛይትዴም» ይባላል። ሰውና ነገር የሚለው ድንበርም ፍጹም አይደለም፤ ከብዙ ሰዎች መካከል ጥቂቶችን ለመጥቀስ «ዳሩንተር» ይባላል፤ «ዐሥር ሰዎች፣ ከነዚህም ውስጥ ሁለት ልጆች» እንደማለት። «በእኔ ምክንያት» የሚለው ደግሞ በጽሑፍ «ማይነትቬገን» የሚል አንድ ቃል ነው፤ በንግግር «ቬገን ሚር» የሚለው ብዙ ነው። ማይነትቬገን «እንደፈለግህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ለማለትም ስለሚያገለግል የድምፁን ቃና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የመንገድ ጀርመንኛ ከመጽሐፉ ይለያል። ዳራውፍ «ድራውፍ»፣ ዳሪን «ድሪን» ተብሎ ያጥራል። ከ«ቮራን» ይልቅ «አን ቫስ» ብሎ መጠየቅም የተለመደ ነው፤ ፈተና ላይ ግን ባይጽፉት ይመረጣል። በሰሜን ጀርመን ቃሉን ለሁለት ሰንጥቀው «ዳ»ን መጀመሪያ ላይ፣ «ፎን»ን መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል፦ «ዳ ቫይስ ኢሽ ኒሽትስ ፎን»፤ ስለዚያ ምንም አላውቅም።