መዳን ይታጣ ይሆን? ጥያቄው በጎጃም

ጎጃም ገጠር ወርዳችሁ አንድ አባወራን «ድነሃል?» ብትሉት «ገና መች ሞትሁና!» ብሎ ሊስቅባችሁ ይችላል። መልሱ ቀልድ ይመስላል እንጂ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ሰው እስኪሞት ድረስ በመንገድ ላይ ነው፤ ፍርዱም የእግዚአብሔር ነው። በሌላ በኩል «በክርስቶስ ያመነ ሰው ዛሬውኑ ድኗል፤ ይህንንም መዳን አያጣውም» የሚሉ ወንጌላውያን አሉ። እነሱ ትምህርቱን የመዳን ዋስትና ወይም የቅዱሳን ጽናት ይሉታል።

ጎጃም ውስጥ የመጀመሪያው ወገን እጅግ ይበዛል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነኝ ብሏል። ወንጌላውያኑ ጥቂት ናቸው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት መሠረት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ሜሮን ይቀባሉ፤ ይቆርባሉም። ከዚያ የነፍስ አባት ይያዛል። ንስሐ፣ ጾም፣ ምጽዋትና ቁርባን ዕድሜ ልክ ይቀጥላሉ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ የፈጸመው ለሁሉ ነው፤ ሰው ግን በተሰጠው ጸጋ መጽናት አለበት። ብዙ የሚጠቀሰው ጥቅስ የማቴዎስ 24፥13 ነው፦ «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል።» መምህራኑ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ይሁዳ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኖ፣ ተአምሩን ሁሉ አይቶ ጠፋ። ከጌታ በስተ ቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ዘየማን ግን ዕድሜውን በውንብድና ፈጅቶ በመጨረሻዋ ሰዓት ገነት ገባ። ስለዚህ የቆመም አይኩራ፤ የወደቀም ተስፋ አይቁረጥ።

ይህ ትምህርት ከስብከት ይልቅ በኑሮ ይበልጥ ይታያል። ባሏ የሞተባት እናት ልጆቿን ድራ ስትጨርስ ቆብ ጭና ትመነኩሳለች። መገነዣዋን አስቀድማ ገዝታ በሳጥን ታስቀምጣለች፤ ለፍትሐት የሚሆን ብርም አብሮ ይቋጠራል። ወጣት ሳለች ከቁርባን ርቃ ከነበረ አሁን ትመለሳለች። ስትሞት ደግሞ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን «ድናለች» የሚል የለም። «ነፍስ ይማር» ነው የሚባለው። ካህናቱ ፍትሐት ይፈታሉ። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ ከዚያም በመንፈቅና በዓመት ትታሰባለች። ከሁሉም የ40ው ይገናል። ተዝካሩ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ አለ፤ «ለድሃ ስጡ እንጂ አትበደሩ» የሚሉ አባቶችም አሉ።

ታዲያ የጎጃም ምእመን ያለ ምንም ዋስትና ነው የሚኖረው? እንደዚያም አይደለም። እኔ እንደማየው ጥያቄው የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ «ድኛለሁ» አይልም፤ ዋስ ግን ይጠራል። ዋሱ ቃል ኪዳን የተቀበለ ቅዱስ ነው። በየገድሉ መጨረሻ ላይ ጌታ ለጻድቁ «ስምህን የጠራውን፣ ዝክርህን የዘከረውን እምርልሃለሁ» ሲለው እናነባለን። ምሕረቱ እስከዚህ ትውልድ ተብሎ የሚወሰንበትም ገድል አለ።

ጣና ዳር፣ ዘጌ ገብታችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብትሳለሙ ይህ በግድግዳ ላይ ተሥሎ ታዩታላችሁ። ታሪኩ የበላዔ ሰብእ ነው። ሰውየው ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው በልቷል። አንድ የተጠማ ለማኝ ውኃ ሲለምነው እምቢ ይላል። ለማኙ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ ጋር በሚዛን ትቀመጣለች። በእመቤታችን ምልጃም ሚዛኑ ወደ ምሕረት ያደላል። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የሚነገረው ይህ ታሪክ ነው። ወንጌላዊ ሰው ይህን ሲሰማ «ጸጋማ ይህ ነው፤ ግን ለምን በክርስቶስ ብቻ አይሆንም?» ይላል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ «ቃል ኪዳኑን የሰጠው ማን ሆነና?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚፈልጉት ዋስ ነው፤ ጠባቸው በማንነቱ ላይ ነው።

የወንጌላውያኑ ትምህርት የተቀረጸው አውሮፓ ውስጥ ነው። የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን «እግዚአብሔር የመረጠውን አይጥልም» ብሎ አስተማረ። የሆላንዳዊው መምህር የአርሚኒየስ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1610 ይህንን ጥያቄ ውስጥ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ኔዘርላንድ፣ ዶርት ላይ የተቀመጠው ሲኖዶስ ለካልቪን ወገን ፈረደ። ሲኖዶሱ ግን «እንደፈለግህ ኑር» አላለም። እውነተኛ አማኝ ክፉኛ ሊወድቅ ይችላል፤ እግዚአብሔር ግን በንስሐ ይመልሰዋል ነው ያለው። ጨርሶ ሄዶ የቀረው መጀመሪያውኑ አላመነም ነበር ይላሉ። «አንዴ የዳነ ሁሌም የዳነ» የሚለው አባባል ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል፤ ትችቱም የሚበዛው በዚያ ነው።

ዋና ጥቅሳቸው የዮሐንስ 10፥28 ነው፦ «ለዘላለምም አይጠፉም፥ ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም።» ኤፌሶን 1፥14 ደግሞ መንፈስ ቅዱስን «የርስታችን መያዣ» ይለዋል። ይህ ለጎጃም ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ጎጃሜ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያለ ነው ያደገው። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ግብር ላይ ሲያምፅም አንዱ ስጋቱ ርስቱን እንዳይነጠቅ ነበር። የአያቱን መሬት ትቶ አገር ለአገር የዞረ ልጅ ዘሩን ቆጥሮ ሲመለስ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ልጅነት አይፋቅምና ርስቱም አይጠፋም፤ የዋስትናው ትምህርት አመክንዮ ይኸው ነው። ተቃዋሚው ደግሞ «ልጅነቱ ባይፋቅም ርስቱን ንቆ የሸጠው ዔሳውስ?» ይላል።

ከባዱ ጥቅስ ዕብራውያን 6፥4-6 ነው። አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸው ሰዎች ከካዱ በኋላ ለንስሐ እነሱን ማደስ እንደማይቻል ይናገራል። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። ለአንዱ መውደቅ አለ ይላል፤ ለሌላው መመለስ የለም ይላል። ዮሐንስ አፈወርቅ የማይቻለው ዳግመኛ ጥምቀት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ንስሐ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ ክዶ የተመለሰ ኦርቶዶክስ እንደ አዲስ አይጠመቅም። ካህኑ መጽሐፈ ቄድርን አንብቦ በተጸለየበት ውኃ ያነጻዋል። ሕዝቡ «ቄደር ተጠመቀ» ይላል፤ ሥርዓቱ ግን የንስሐ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩ ራሱ መልስ ነው፦ መውጣት አለ፣ መመለስም አለ።

ወንጌላውያኑም በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሉተራዊ፣ ማለትም የማርቲን ሉተር ወግ ነው። የሉተራውያኑ የአውግስበርግ መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. 1530፣ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ያወግዛል። የጴንጤቆስጤ ወግ ያላቸውም አብዛኞቹ መዳን ሊጣል ይችላል ይላሉ። ዋስትናውን አጥብቀው የሚይዙት የባፕቲስትና የካልቪን ወግ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ «ጴንጤ ሁሉ አንዴ ድኛለሁ ብሎ ይቀመጣል» የሚለው የሰፈር ወሬ ልክ አይደለም።

ጎጃም ለሃይማኖት ክርክር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መርጡለ ማርያም ድረስ ዘልቀው ሠርተዋል። ቅባት የሚባለው የኦርቶዶክስ ወገንና የተዋሕዶ ሙግትም እዚህ ትውልድ አቋርጧል። ሁለቱም ግን ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ልደት ነበሩ። ካቶሊኮችም እ.ኤ.አ. በ1547 በትሬንት ጉባኤ ጸጋ በከባድ ኃጢአት እንደሚታጣ ወስነው ስለነበር፣ በዚህ ነጥብ ከሀገሬው ካህን ጋር የሚያጣላቸው አልነበረም። የዋስትናው ጥያቄ ለጎጃም በአንጻሩ አዲስ ነው።

ዛሬ ጥያቄው የሚከርረው ለቅሶ ቤት ነው። ከወንድማማቾች አንዱ ጴንጤ ሆኖ አባት ሲሞት፣ እሱ «አባታችን ጌታ ዘንድ ነው፤ ፍትሐት ምን ያደርግለታል?» ይላል። ሌሎቹ ይቆጣሉ። ያለ ፍትሐት አባትን መቅበር ለእነሱ እንደ መካድ ነው። ሟቹ ራሱ ጴንጤ ከሆነ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር መቀበር አይችልምና የመቃብር ቦታ ፍለጋ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገቡት ሽማግሌዎች ናቸው። የአባት ነገር ሲሆን ፍትሐቱ ይፈታል፤ ልጁም ከዳር ቆሞ የራሱን ጸሎት ይጸልያል። በ40ኛው ቀን ተዝካር ላይ ይምጣ አይምጣ የሚለው ግን ለእሱ ይተዋል።