የካሊፎርኒያ የእንስሳት መጠለያዎች የማምከን ሕግ

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ከመጠለያ ውሻ ወይም ድመት ወስዶ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው፣ እንስሳው ካልመከነ በቀር ይዞት አይወጣም። ሕጉ የጸደቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ2000 ነው። ከመንግሥት መጠለያዎች ሌላ የበጎ አድራጎት ማኅበራትንም ይመለከታል።

አማርኛችን ለወንዱ ቃል አያጣም፤ ሰንጋና ሙክት የሚያውቅ ሰው ማኮላሸትንም ያውቃል። የሴቷ ግን ሆድ የሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና ነው፤ የእንቁላል ማምረቻዋ፣ ብዙ ጊዜም ከነማህፀኗ፣ ይወጣል። እዚህ ሁለቱንም «ማምከን» ብለናል።

ቀድሞ ብዙ መጠለያዎች «በኋላ አስመክነዋለሁ» የሚል ቃል ተቀብለው እንስሳውን ይሰጡ ነበር። ድመት ደግሞ ገና በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ከሁለት ወር በኋላ ትወልዳለች። ቀጠሮው ሲተላለፍ ግልገሎቹ ይደርሱና በካርቶን ተይዘው ወደዚያው መጠለያ ይመጣሉ። ቦታ ሲጠብ ጤነኛ እንስሳት በመርፌ ይገደላሉ። ሕጉን ያስወጣው ይህ ሞት ነው።

ስምንት ሳምንት የሞላት፣ አንድ ኪሎ የምትጠጋ ግልገል ቀዶ ሕክምናውን ትችላለች። የሆዷ ፀጉር ይላጫል፤ ማደንዘዣው ሳይለቃት በስፌቱ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ መስመር ትነቀሳለች። ከዓመታት በኋላ ጠፍታ ብትገኝ ሐኪሙ ንቅሳቱን አይቶ ሆዷን በከንቱ አይከፍትም።

እንስሳው መታመሙን ሐኪም ካረጋገጠ ወሳጁ ከ40 እስከ 75 ዶላር መያዣ ከፍሎ ይወስደዋል፤ ሲያገግም ያስመክነውና ገንዘቡ ይመለስለታል። ሕዝባቸው ከ100,000 በማያልፍ ካውንቲዎችም (የግዛቱ የአስተዳደር ክፍሎች) በመያዣ መስጠት ይፈቀዳል። የሕጉ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ መያዣ ያው የድሮው ቃል ነው፣ ዋጋ ተቆረጠለት እንጂ። ያልመከነ ውሻው ወይም ድመቱ ባዝኖ የተያዘበት ባለቤት በመጀመሪያ 35፣ በሁለተኛው 50፣ ከዚያ በኋላ 100 ዶላር ይቀጣል። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2008 ከዚህም አልፋ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አራት ወር የሞላው የቤት ውሻና ድመት ሁሉ እንዲመክን ደንግጋለች።

እንስሳትን በለጋ ዕድሜ ማምከን የሚገጥመው ተቃውሞ ከንቱ አይደለም። በዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ ዴቪስ) ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑ ጎልደን ሪትሪቨር ውሾች የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል። ዛሬ ግን መጠለያዎቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው የእንስሳት ሐኪም እጥረት ነው፤ ወሳጅ ያገኘ ቡችላ የቀዶ ሕክምና ተራው እስኪደርስ ከፍርግርጉ ጀርባ ይሰነብታል።