ትሮሊንግ ምንድን ነው? ማኬሬልን በሸራ ጀልባ ስለ ማጥመድ

ትሮሊንግ ማለት በመጓዝ ላይ ያለ ጀልባ መንጠቆ የታሰረበትን ረጅም ክር ከኋላው እያስከተለ ዓሣ የሚያጠምድበት ዘዴ ነው። በድምፅ ከሚመስለው ከትሮውሊንግ ጋር መምታታት የለበትም፤ ትሮውሊንግ ከረጢት መሰል ትልቅ መረብ እየጎተቱ ያገኙትን ሁሉ ማፈስ ሲሆን፣ ትሮሊንግ ግን በአንድ ክር አንድ ወይም ጥቂት ዓሣ ብቻ የሚያዝበት የእጅ ሥራ ነው።

ዘዴው ከሚስማማቸው ዓሦች አንዱ ማኬሬል ነው። ይህ ዓሣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በኮርንዎልና በዴቨን ዳርቻ፣ በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ በመንጋ ሆኖ ወደ ባሕር ዳር ይጠጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ጀርባው በጥቁር ሰረዞች የተዥጎረጎረ ነው፣ ሆዱ ደግሞ እንደ ብር ያበራል። (ቆዳው ልሙጥ ስለሆነ ቅርፊት የሌለው ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት፤ «ክንፍና ቅርፊት ያለው» የሚለውን የኦሪት ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ሊሰጋ አይገባውም።) ብዙ ዓሦች በውኃ ውስጥ ሳይለፉ እንዲንሳፈፉ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት ማኬሬል የለውም። ስለዚህ መዋኘት ካቆመ ይሰምጣል፤ ውኃም በስንጥቡ የሚያልፍለት ወደፊት ሲዋኝ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በሩጫ የሚኖር በመሆኑ፣ በፊቱ ብልጭ ብሎ የሚሸሽ ነገር ሲያይ አሳዶ ይነክሳል። የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ብረት ወይም የተቀባ ላባ እንኳ ትንሽ ዓሣ መስሎ ያታልለዋል።

ከዚህ የተነሣ የሥራው ቁልፍ ማጥመጃው ሳይሆን የጀልባው ፍጥነት ነው። ለማኬሬል የሚመረጠው ከ2 እስከ 3 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ4 እስከ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከሚሄደው ብዙም አይርቅም። ጀልባው ሲፈጥን ውኃው ክሩን የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ በላይ ስለሚያድግ፣ ክሩን ለማጥለቅ የሚታሰረውና በ2 ኖት ጠልቆ ይሄድ የነበረው የእርሳስ ብረት በ5 ኖት ወደ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣው በሌለበት ቦታ ይንሸራተታል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ዓሣ ያጣው በማጥመጃው ምክንያት እየመሰለው መንጠቆ ሲቀያይር ይውላል፤ በእኔ ግምት እጁን ወደ ክሩ ከመስደዱ በፊት ወደ ሸራው ቢሰድ ይሻለው ነበር። ነፋስ ሲበረታ ሸራውን በከፊል ጠቅልሎ ማሳነስ፣ የፊተኛውን ሸራ ማውረድ፣ ወይም የሸራውን ገመድ ላላ አድርጎ ነፋሱ እንዲያመልጥ መተው ጀልባውን ወደሚፈለገው ዝግታ ይመልሰዋል።

ፍጥነቱን መቀነስ በማይቻልበት ጊዜ ፓራቬን የሚባል ትንሽ ሰሌዳ በክሩ ላይ ይታሰራል። ሰሌዳው አጋድሎ ስለሚጎተት የውኃው ግፊት ራሱ ወደ ታች ያጠልቀዋል። ዓሣ ሲነክስ ደግሞ ሚዛኑ ተዛብቶ ይገለበጥና ወደ ውኃው ፊት ይወጣል፤ መሪውን የያዘው ሰው ክሩን በእጁ ሳይነካ፣ ከኋላው ሰሌዳው ብቅ ማለቱን አይቶ ብቻ ዓሣ መያዙን ያውቃል።

መንጋው ያለበትን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁሙት ወፎች ናቸው፤ ጋኔት የሚባሉት ትልልቅ ነጭ የባሕር ወፎች ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ቀስት ወደ ውኃው ሲወረወሩ ከሥራቸው የዓሣ መንጋ አለ ማለት ነው። አንድ ማኬሬል ከተያዘ ሌሎችም በአጠገቡ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ባለ ሸራ እንደ ባለ ሞተር ዞር ብሎ ወዲያው መመለስ አይችልም። መፍትሔው ጀልባውን በሸራው ማቆም ነው። የፊተኛው ሸራ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ተወጥሮ እንዲቀር ይደረጋል፣ የመሪው እጀታም ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ተገፍቶ ይታሰራል፤ ሸራው አፍንጫውን ወደ አንድ ወገን፣ መሪው ደግሞ ወደ ሌላው ሲገፉት ጀልባው በቀስታ እየተንሳፈፈ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ላባ የታሰረባቸው ከ3 እስከ 6 መንጠቆዎች ያሉት ክር በእርሳስ ቁልቁል ይወርድና ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይወዛወዛል። ሦስት አራት ዓሣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አንዱ ሲንፈራገጥ ባዶው መንጠቆ የሰው ጣት ይይዛል።

የተያዘው ወዲያው ተገድሎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ በበረዶ መቀመጥ አለበት። ማኬሬል በሙቀት ከቆየ ባክቴሪያ በሥጋው ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል፤ ይህም ፊትን የሚያቀላና ራስን የሚያሳምም መመረዝ ያስከትላል፣ ምግቡን ማብሰልም አያጠፋውም። ቶሎ የሚበላሽ መሆኑ ሕግ አውጪዎችን ሳይቀር አስገድዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1698 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ማኬሬል እሑድም ከቅዳሴ በፊትና በኋላ እንዲሸጥ ፈቅዷል። የኮርንዎል ሰዎች ግን በእሑድ ጉዳይ ጥብቅ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896 በዚያው በኮርንዎል ያለችው የኒውሊን ወደብ ዓሣ አጥማጆች ከምሥራቅ እንግሊዝ ወደብ ከሎስቶፍት የመጡ ጀልባዎች በሰንበት ያጠመዱትን ማኬሬል ወደ ባሕር መልሰው ደፉት፣ ሁከቱን ለማብረድም ወታደር ተላከ።