ደንበኛን ማቆየት ምንድን ነው? የውሻ አሠልጣኞች ለምን ይቸገሩበታል?

ጸጉር ቆራጭ ደንበኛዬ ይመለስ ይሆን ብሎ እንቅልፍ አያጣም፤ ጸጉሩ ራሱ እያደገ ያመጣለታል። የውሻ አሠልጣኝ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥራውን አሳምሮ ከሠራ ደንበኛውን ያጣል። ገመዱን ይጎትት የነበረው ውሻ ከባለቤቱ ጎን ረጋ ብሎ መሄድ ከጀመረ፣ እንግዳ ላይ ይዘል የነበረው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከለመደ፣ ባለቤቱ አመስግኖና ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ጨዋ ውሻ ያለው ሰው አሠልጣኝ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ በንግዱ ዓለም «ደንበኛን ማቆየት» የሚባለው ነገር ወደዚህ ሙያ ሲመጣ ጠባዩ ይለወጣል። በተለመደው ትርጉሙ፣ አንድ ጊዜ ከገዙ ሰዎች መካከል ስንቱ ተመልሰው እንደገዙ የሚለካበት ነው። በጥር የቡችላ ኮርስ ከጨረሱ 20 ሰዎች መካከል እስከ ሰኔ ድረስ 6ቱ ሌላ ኮርስ ከወሰዱ 30 በመቶ ቆይተዋል ይባላል። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ከዚሁ ጋር ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ሌላ ቁጥርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍሬድሪክ ራይክሄልድና ኧርል ሳሰር በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ጥለው የሚሄዱ ደንበኞችን በ5 በመቶ መቀነስ ትርፍን እንደየዘርፉ ከ25 እስከ 85 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን የተወሰደው ከባንክ፣ ከክሬዲት ካርድ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከመኪና ጥገናና ከመሳሰሉት ነው። አብዛኞቹ ደንበኛው በቃኝ እስኪል ድረስ ክፍያው የማይቋረጥባቸው ሥራዎች ናቸው። እዚያ ደንበኛው ዝም ካለ አለ ማለት ነው፤ የውሻ አሠልጣኝ ዘንድ ዝም ካለ ሄዷል ማለት ነው። ያንን ቁጥር ወስዶ የራሱን ገቢ የሚተነብይ አሠልጣኝ ራሱን ያሞኛል።

የምናወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው፤ ሥራው እንደ ንግድ በሰፊው የተስፋፋው እዚያ ነውና። እዚያ የውሻ አሠልጣኝ ለመሆን የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ በአብዛኛው የለም። ዛሬ ቢዝነስ ካርድ አሳትሞ ነገ ሥራ የሚጀምር ሞልቷል። የምስክር ወረቀት የሚፈልግ በራሱ ፈቃድ ይፈተናል፤ ሲሲፒዲቲ የሚባለው ድርጅት ለምሳሌ ለፈተና ከማስቀመጡ በፊት ቢያንስ 300 ሰዓት የማሠልጠን ልምድ ይጠይቃል፣ ወረቀቱም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። እንደ ፔትስማርት ያሉ ትልልቅ የቤት እንስሳት መደብሮችም የቡችላ ኮርስ ይሰጣሉ። የመጀመሪያውን ኮርስ መሸጥ እንግዲህ ለማንም አይከብድም። አዲስ ቡችላ ያመጣ ሰው እጁ ተነክሷል፣ ምንጣፉ ረጥቧል፣ ሌሊት አልተኛም፤ የተጠየቀውን ይከፍላል። የሚከብደው ሁለተኛው ኮርስ ነው።

ሁለተኛውን የሚያመጣው ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ሳይሆን የውሻው ዕድሜ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ቡችላ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ፣ የመጀመሪያ ክትባቱን ወስዶ ቢያንስ 7 ቀን ካለፈው፣ የቡችላ ክፍል መግባት እንደሚችል ይመክራል። ምክንያቱም ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና ሌላ ውሻን ያለ ፍርሃት ለመልመድ የሚቀለው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ባለቤቱ ይህን ሰምቶ በሩጫ ይመጣል፣ ስድስት ሳምንት ይማራል፣ ቡችላው አራት ወር ገደማ ሲሆነው ይመረቃል። የምረቃው ፎቶ ላይ ውሻው መልአክ ይመስላል።

ከዚያ ጉርምስና ይመጣል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲዋ ሉሲ አሸርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ዓይነ ስውራንን ለመምራት የሚያድጉ ውሾችን ተከታትሎ ነበር። ውሾቹ 8 ወር ሲሆናቸው፣ 5 ወር ሳሉ ከነበረው ይልቅ የአሳዳጊያቸውን «ቁጭ በል» ችላ ማለት አበዙ። የሚገርመው፣ ትእዛዙን የሰጠው የማያውቁት ሰው ሲሆን ይህ እምቢታ አልታየባቸውም። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ቤት ያለው ባለቤት ግን ስለ ጥናቱ አያውቅም። የሚያየው ከፍሎ ያስተማረው ውሻ ፓርክ ውስጥ ሲጠራ ዞር ብሎ ካየው በኋላ ጥንቸል ማባረሩን ሲቀጥል ነው። «ገንዘቤን በላኝ» ይላል፤ አሠልጣኙን ማለቱ ነው። ብዙ ደንበኛ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ተቆጥቶ እንኳ አይደውልም። በምረቃው ቀን «ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው ስሙን የረሳ ይመስላችኋል፤ አትደንግጡ፣ ያኔ ደውሉልኝ» ብሎ የተናገረ አሠልጣኝ ዘንድ ግን ያው መጥፎ ቀን ሌላ ትርጉም ያገኛል። ያለው ነገር ደረሰ፤ ያወቀ ሰው ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ባይደውል እንኳ አሠልጣኙ የውሻውን የልደት ቀን መዝግቦ ሰባተኛው ወር ላይ ራሱ ይደውላል። በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ የደንበኛ ማቆያ የለም፤ ወጪውም የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወት ራሷ ሌሎች ምክንያቶችን ታመጣለች፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ሲወለድ፣ ቤተሰቡ ከግቢ ወደ አፓርታማ ሲዛወር፣ ሁለተኛ ውሻ ሲመጣ፣ ያረጀ ውሻ ጆሮው ሲደክምና በእጅ ምልክት መማር ሲኖርበት።

ሌላም ቅሬታ አለ፦ «ክፍል ውስጥ እኮ ይሰማል፤ ቤት ሲደርስ ነው የሚረሳው።» ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ለሥልጠናም ይሠራል። ውሻው «ቁጭ በል»ን የተማረው በአሠልጣኙ አዳራሽ፣ እዚያው ወለል ላይ፣ ቁራሽ ሥጋ እየጎረሰ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ሕፃናት እየሮጡ፣ ያው ቃል ለእሱ ሌላ ቃል ነው። ውሻ ከቦታ ወደ ቦታ ትምህርቱን በራሱ አያሻግርም፤ በእያንዳንዱ አዲስ ቦታ ትንሽ ትንሽ እንደገና መማር አለበት። ይህን ለባለቤቱ መጀመሪያ ቀን ላይ ያልነገረ አሠልጣኝ በኋላ ሲናገር ሰበብ ይመስልበታል። መጀመሪያ የነገረ ግን ቀጣዩን ኮርስ ፓርክ ውስጥ፣ ገበያ ዳር፣ ውሻ በሚያስገባ ካፌ በረንዳ ላይ ሲያዘጋጅ ደንበኛው ለምን እንደሚከፍል ያውቃል።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ከፋዩም ተማሪውም እሱ ነው፤ ከክፍል የሚቀረውም እሱ ነው። ኮርስ መሃል ላይ የሚጠፉ ሰዎች ዋጋ ተወደደብን ብለው የሚጠፉ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የቤት ሥራ አለመሥራት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አልተለማመደም፤ ቅዳሜ ሲደርስ «ምን ፊት ይዤ ልሂድ?» ይላል፣ ይቀራል። ሁለተኛው ቅዳሜ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሦስተኛው ላይ አሠልጣኙን መንገድ ላይ ቢያይ መንገድ ይቀይራል። ይሉኝታን የአበሻ ብቻ አድርገን እናወራለን እንጂ አሜሪካዊም ውሻው በሰው ፊት ሲጮኽበት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ የቤት ሥራውን ማሳነስ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት የታዘዘ ሰው ምንም አይሠራም፤ ቡናው እስኪፈላ ሦስት ጊዜ ብቻ «ቆይ» እንዲለው የተነገረው ይሠራል። አንድ ቀን ለቀረ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ቀን አጭር መልእክት ይላካል፦ «ቦቢ እንዴት ነው? በር ላይ መቆየቱን ለመሞከር ካልተመቻችሁ ችግር የለም፤ ቅዳሜ ከዚያው እንቀጥላለን።» «ለምን ቀራችሁ?» የለበትም፣ ማስፈራሪያም የለበትም። የሚጮኸውን ውሻ ደግሞ ከመጋረጃ ወይም ከመከለያ ጀርባ አስቀምጦ ማስተማር ይቻላል፤ ውሻውም ይረጋጋል፣ ባለቤቱም ከሰው ዓይን ይድናል። አሠልጣኞች ውሻን ማሞገስ ተክነውበታል። ሰውየውን «ዛሬ ገመዱን እንዴት እንዳላላህ አየሁ፣ ጎበዝ» ማለት ላይ ግን ይሰስታሉ።

ችግር የሌለበትን ደንበኛ የሚያቆየው ግብ ነው። አሜሪካን ኬኔል ክለብ የሚባለው የውሻ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው «መልካም ዜጋ ውሻ» ሊባል የሚችል ፈተና አለ። 10 ነገሮች አሉት፦ እንግዳን በሰላም መቀበል፣ በሰው መሃል ረጋ ብሎ ማለፍ፣ ሲጠሩት መምጣት፣ ሌላ ውሻ አይቶ አለመቆጣት የመሳሰሉት፤ አንዱ ውሻው ባለቤቱ ከዓይኑ ርቆ ከሌላ ሰው ጋር ለ3 ደቂቃ መቆየቱን የሚፈትን ነው። ይህን ላለፈ ደግሞ ከተማ መሃል የሚደረግ ሌላ ደረጃ ይከተላል። ከዚያ ውሻው መሰናክል የሚዘልበት ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ያው ክለብ በማሽተት የተደበቀ ሽታ የማግኘት ውድድር ያካሂዳል። እኔን ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ለሽማግሌ ውሻም ይሆናል፣ ውሾች አንድ በአንድ ተራ በተራ ስለሚሠሩ ሌላ ውሻ ለሚፈራም ይመቻል። ከአዳራሽ በኀፍረት የወጣው ሰው እዚህ ውሻው ጎበዝ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ሁሉም ሰው ሜዳሊያ አይፈልግም፤ የማይፈልገውን መጎትጎት ማባረር ነው።

መመለስ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ቁጥሩ የማያሳየውም ይህንን ነው። አንድ ሰው በዚያው ችግር ሦስት ጊዜ ቢመለስ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ታማኝ ደንበኛ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሥልጠናው አልሠራም። ይህ በተለይ ውሻው አሠልጣኙ ዘንድ ሁለት ሦስት ሳምንት አድሮ በሚማርበት አገልግሎት ላይ ይታያል። ውሻው ሠልጥኖ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ግን ምንም አልተማረምና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ እንደገና ይከፈላል። ትምህርቱን ለባለቤቱ ለማስተላለፍ የሚሆን ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያልተካተተበት አዳሪ ሥልጠና ባይሸጥ ይሻላል። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለው ማስታወቂያም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሲሲፒዲቲ በሥነ ምግባር ደንቡ አሠልጣኞች ለውጤት ዋስትና እንዳይሰጡ ይከለክላል። ውሻ ማሽን አይደለም። በኤሌክትሪክ አንገት ማሰሪያ በአንድ ቀን ዝም የተሰኘ ውሻም ደንበኛን ለጊዜው ያስደስታል፤ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞቹ ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫው በሽልማት ብቻ ማሠልጠንን ነው የሚመክረው። አሠልጣኙ በመዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን አንድ ነገር ቢጽፍ ይበቃዋል፦ ይህ ሰው የተመለሰው ለአሮጌው ችግር ነው ወይስ ለአዲስ ነገር?

ራሱ ሳይመለስ ጎረቤቱን የሚልክም አለ። ውሻው ስለተስተካከለለት አይመጣም፤ በእሱ ጥቆማ ግን ሌሎች ይመጣሉ። እሱን እንደጠፋ መቁጠር ስሕተት ነው። ውሻው በየዓመቱ ክትባት የሚወስድበት ሐኪም ቤት ደግሞ ስለ አሠልጣኙ በጎ የሚናገር ሰው ካለው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለግቢ ጥበቃ ነው፣ አሠልጣኝ የሚጠራውም የግቢው ባለቤት ነው። ውሻውን የሚያበላው፣ ማታ የሚፈታውና ጠዋት የሚያስረው ግን ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው። አሠልጣኙ ከጋሼ ጋር በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ውሻውን ቢያሳያቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይከፍሉታል፤ በሳምንቱ ውሻው እንደገና እንግዳ ላይ ይዘላል፤ ዘበኛው ትእዛዙን አልሰማም፣ ሥጋውንም አልያዘም። ስለዚህ «ጋሼ፣ እርስዎም ይኑሩ፤ ግን ዋናው ተማሪያችን እሱ ነው» ብሎ ዘበኛውን መሃል ማስገባት የግድ ነው። አሜሪካ ባለው አበሻ ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ውሻውን የሚፈልጉት ልጆቹ ናቸው፣ ከፋዩ አባት ነው፣ ቀን ቀን ከውሻው ጋር የምትውለው ግን ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ጨርሶ የማይዋጥላት አያት ልትሆን ትችላለች። እሷ ወጥ ቤቷ በር ላይ ውሻው እንዲቆም ማድረግ ከቻለች ኮርሱ ተሳክቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ዘበኛ ይቀየራል፤ አዲሱ ሲቀጠር ጋሼ ስልካቸውን አንሥተው የሚደውሉት የቀድሞውን ዘበኛ ላስተማረው ሰው ነው።