ሥራ ላይ ላለ ነርስ የሁለተኛ ዲግሪ መንገድ በወሎ

ወሎ ውስጥ እየሠራ ማስተርስ መያዝ የሚፈልግ ነርስ ወሬውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ዋርድ ውስጥ ነው። ተምሮ የተመለሰ ሰው ይጠየቃል፣ የሰማው ለሌላው ይነግራል። ደሴ የሚወራውና ወልድያ የሚወራው ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። ሰቆጣና ላሊበላ ላሉ ሲስተሮች ደግሞ ወሬው የሚደርሰው ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ነው። ይህ ዳሰሳ በአፍ የሚዞረውን አንድ ቦታ ለመሰብሰብ የተጻፈ ነው።

መነሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 የወጣ ነርስ በቀጥታ ማስተርስ አይገባም። መጀመሪያ ዲግሪውን ያሟላል። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ለገባ ተማሪ፣ ማለትም በጄነሪክ፣ የነርሲንግ ዲግሪ 4 ዓመት ይፈጃል። ማስተርስ በመደበኛው 2 ዓመት ነው።

ቀድሞ ማስተርስ ማለት ከወሎ መውጣት ማለት ነበር። አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ይኬዳል። የጎንደሩ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ክብሩም ይገባዋል። ከደሴ አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ላላት ሲስተር ይህ ርቀት ብቻውን ትምህርቱን ያስቀር ነበር።

ነገሩን የለወጠው የወሎ ዩኒቨርሲቲ መከፈት ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ከጀመሩት 13 አዳዲስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ናቸው። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ መሆኑ ለነርሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ሆስፒታሉ ከደቡብና ከሰሜን ወሎ አልፎ ከአፋር የሚመጣውን በሽተኛ ይቀበላል። የተማሪው ልምምድም ጥናቱም እዚያው ይሆናል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ኋላ ተከፍቶ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው።

ስለ ደሴው ኮሌጅ ሲጻፍ 2014 ዓ.ም. አይታለፍም። የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የገባው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። በመካከሉ ዩኒቨርሲቲውም ሆስፒታሉም ተዘረፉ። የሕክምና መሣሪያ፣ ኮምፒውተር፣ መድኃኒት ሄደ። ትምህርት ቆመ፣ መምህሩም ተማሪውም ተበተነ። ከዚያ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመሩት ነርሶች ብዙዎቹ ራሳቸው ተፈናቅለው የተመለሱ ናቸው። ደሴ ዛሬ የሚያስተምረውና የሚያክመው በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ነው። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ክፍሎቹና ስለ ላቦራቶሪው ብቻ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም።

ወደ ማስተርስ የሚያስገቡት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ስፖንሰርና የግል። ስፖንሰር ማለት ኮታው ከላይ ወርዶ፣ በክልሉ ጤና ቢሮና በዞን በኩል አልፎ፣ ለሆስፒታሉ ወይም ለጤና ጣቢያው ሲደርስ ነው። ነርሱ ከሥራ ይለቀቃል፣ ደመወዙ ግን አይቋረጥም። በምትኩ ውል ይፈርማል፤ ሲጨርስ ተመልሶ የተወሰነ ጊዜ ያገለግላል። ለውድድሩ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና ከዲሲፕሊን ቅጣት ነጻ መሆን ይታያሉ። ሴቶችና ሩቅ ወረዳ የሠሩ ተጨማሪ ነጥብ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ቅሬታ የሚበዛውም እዚህ ነው። ኮታው ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ ነው። እናም አፈጻጸምን የሚሞላው አለቃ እጅ ላይ ብዙ ነገር ይወድቃል።

የግሉ መንገድ ከኪስ ነው። ብዙ ሰው የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ይመርጣል። ናይት፣ ማለትም የሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ አድሮ ጠዋት ክፍል መግባት ቀላል አይደለም። ፕሮግራም የሚቀያየር ጓደኛ የሌለው ሰው አይዘልቀውም። ሜትረኗ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ከተባበረች ግን ይቻላል።

በሁለቱም በኩል የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው አለ። ሰው በአጭሩ ጋት ይለዋል። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ አገር አቀፍ ሆኗል። ነርሱን የሚያስቸግረው የሕክምናው ዕውቀት አይደለም። እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡና አመክንዮው ነው። ከተመረቀ 10 ዓመት የሆነው ሰው ክፍልፋይና ፐርሰንት እንደገና መለማመድ ይኖርበታል። ከፈተናው ጎን ወረቀት አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በራስ እጅ አይመጣም፤ ከተማሩበት ሬጅስትራር በቀጥታ ይላካል። የኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት፣ ጉዳዩን ያልጨረሰም ዲግሪውን ለማውጣት ይጉላላል። እነዚህን ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት መጀመር ይሻላል።

የትኛውን ይማር? ይህ የማያልቅ ክርክር ነው። በነርሲንግ ማስተርስ አዋቂ፣ ሕጻናት፣ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን የመሳሰሉ ዘርፎች አሉ። ሌላው የሕዝብ ጤና ማስተርስ፣ ኤምፒኤች ነው። ኤምፒኤች ወደ ዞን ጤና መምሪያና ወደ ድርጅቶች ያስገባል ይባላል፤ ብዙ ነርስ የሚመርጠውም ለዚህ ይመስላል። እኔ ግን የአልጋ ዳሩ ነርስ ማስተርስ በነርሲንግ ቢይዝ በሽተኛው ይጠቀማል ባይ ነኝ። እርግጥ ነው፣ ተመርቆ ሲመለስ እዚያው ዋርድ፣ እዚያው ሥራ ላይ መመደብ ያስከፋል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው።

ትምህርቱ ውስጥ ሰው የሚንገዳገደው ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱ፣ ላይ ነው። አንደኛው ዓመት በኮርስ ያልፋል፤ ባዮስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ እዚያ አሉ። ሁለተኛው ዓመት ፕሮፖዛል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ማቅረብ) ነው። ደሴ ላይ ጥናቶቹ ብዙውን ጊዜ ተቋም ውስጥ የሚሠሩ አቋራጭ ጥናቶች ናቸው፤ ማለትም መረጃው በአንድ ወቅት ብቻ የሚሰበሰብባቸው። መጠይቁ በኮቦ፣ በስልክ በሚሞላ መተግበሪያ፣ ወይም በወረቀት ይሞላል። የወረቀቱ ኢፒዳታ ወደሚባለው የመረጃ ማስገቢያ ሶፍትዌር ይገባል፤ ከዚያ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይተነተናል። ሥራ ላይ ያለ ነርስ እዚህ ጋ አንድ ብልጫ አለው። የካርድ ክፍሉን ሠራተኞች ያውቃል፤ የትኛው መዝገብ በትክክል እንደሚሞላና የትኛው እንደማይሞላም ያውቃል። ርዕሱን ከራሱ ዋርድ የመረጠ ሰው ከአድቫይዘሩ ጋር መግባባት አይከብደውም።

በነርሲንግ ፒኤችዲ ለሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙ አለው።